ጃንሆይ የከረሙባት ከተማ፦ አንድ ቀን በባዝ

እንግሊዞች ባዝ ሲባል ስለ ሮማውያን መታጠቢያ ያወራሉ። ወይ ስለ ደራሲዋ ጄን ኦስተን። ለሐበሻ ግን ባዝ ሌላ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው በጣሊያን ተይዛ፣ ከ1928 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አራት ዓመት ገደማ በስደት የኖሩባት ከተማ ናት። ለንደን ያለን ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ሄደን ያየን ግን ጥቂት ነን። "አንድ ቀን እንሄዳለን" እየተባለ ዓመቱ ያልፋል። ለንደን ውስጥ ለአራት ሰው አንድ ላይ ኦፍ እንዲገጥም ማድረግ ፓርላማ ከመጥራት ይከብዳል።

ገጠመልንና ሄድን። የጓደኞቼን ስም አልጠራም። ከጠራሁ "ለምን እንዲህ ብለህ ጻፍክ" ሲሉኝ ይከርማሉ። አንዷ ነርስ ናት። አንዱ የቀይ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሦስተኛዋ የነርሷ የአክስት ልጅ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ አሳምራ የምትሰማ፣ ስትናገር ግን ግማሹ እንግሊዝኛ የሚሆንባት፣ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የምታጠና ልጅ ናት። አራተኛው እኔ ነኝ።

ከፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ ባዝ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወደ ምዕራብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ነርሷ ቋንጣ ፍርፍር በምሳ ዕቃ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዛለች። ገና ከለንደን ሳንወጣ ምሳ ዕቃው ተከፈተ። ጎናችን የተቀመጡት ሰዎች ሽታው ምን እንደሆነ ለማወቅ አንገታቸውን አዟዟሩ። ያን ጊዜ ነው ክርክሩ የተነሣው።

ክርክሩን ታውቁታላችሁ። በየቤቱ አለ። ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. ሸሹ ወይስ ለአቤቱታ ሄዱ?

ሾፌሩ አባቱ በደርግ ዘመን ወታደር ነበሩ። የእሱ አቋም አጭር ነው። "ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጡን ጠጣ። ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቀ። ንጉሥ እንዲህ ነው። ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ የሚወርድ ንጉሥ እኔ አላውቅም።" ነርሷ ያደገችው የጃንሆይ ፎቶ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ በሚኖርበት ቤት ነው። አያቷ በፎቶው ፊት እግር አንሥተው አይቀመጡም ነበር። "ሞተው ቢሆን ጄኔቭ ላይ ማን ይናገርልህ ነበር?" አለችው። "ደግሞ ብቻቸውን አልወሰኑም። ምክር ቤት ተቀምጦ ነው።"

ሁለቱም እውነት አላቸው። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 የተደረገው ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ምክር ተደርጓል። አብዛኛው መኳንንት ንጉሡ ይውጡ አለ። እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉት ደግሞ አጥብቀው ተቃወሙ። ሚያዝያ 24 ንጉሡ ወጡ። ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ጄኔቭ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው ያን ንግግር በአማርኛ አደረጉ። ይህን ሁሉ እየተቀባበልን ስንነታረክ ታሪክ የምታጠናው ልጅ ስልኳን አስቀመጠችና፣

"ኦኬ፣ ግን ባዝ ሲኖሩ ሬንቱን ማን ይከፍል ነበር?" አለች።

ዝም አልን። ሾፌሩ ሳቀ። እውነትም ማንም መልስ አልነበረውም። ስለ ንጉሡ ለሰዓታት የምንከራከር ሰዎች ስለ ኑሯቸው አንድም ጊዜ ጠይቀን አናውቅም።

ከባቡሩ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የድንጋዩ ቀለም ነው። ከተማው በሙሉ ከአካባቢው በሚወጣ ወርቃማ፣ ማር መሳይ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ባንኩም፣ ፋርማሲውም፣ የጫማ ሱቁም። ፀሐይ ሲያገኘው ያበራል፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይደበዝዛል። እኛ በደረስንበት ሰዓት ሁለቱም ተፈራርቀው ነበር። ከተማዋ በ1987 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ እንደ ላሊበላ ወይም እንደ ጎንደር የተወሰኑ ሕንፃዎች ብቻ ተለይተው ሳይሆን፣ ከተማዋ እንዳለች።

ሮማውያን መታጠቢያው ከጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰልፉ ረጅም፣ ትኬቱ ውድ ነው። ሾፌሩ ዋጋውን ሲያይ "በዚህ ሶደሬ አንድ ቀን አድርበታለሁ" አለ። ገባን። መግባቱም አላስቆጨንም።

ነገሩ የሚገርመው ከታች ነው። ዝናብ ሜንዲፕ የሚባሉ ኮረብታዎች ላይ ይዘንባል። ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅ ኪሎ ሜትሮችን ወደ ምድር ውስጥ ይወርዳል። እዚያ ይሞቅና ባዝ ላይ ተመልሶ ይፈልቃል። ሲወጣ 46 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይወጣል፤ ቀንም ሌትም አያርፍም። ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊት የአገሩ ሰዎች ሱሊስ የምትባል አምላክ ያመልኩበት ነበር። ሮማውያን መጡና የእነሱን ሚነርቫ ከሱሊስ ጋር አንድ አደረጓት። ቤተ መቅደስ ሠሩ፣ ገንዳውን በእርሳስ ወለል አነጠፉት። ያ የእርሳስ ወለል ዛሬም አለ። ከላይ የምታዩዋቸው የሮም ነገሥታት ሐውልቶችና በረንዳው ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ብዙ ሰው ፎቶ የሚነሣው ከእነዚያ ጋር ነው።

እኔ ብዙ የቆየሁት የእርግማን ጽሑፎቹ ጋ ነው። ከምንጩ ውስጥ 130 ያህል ቀጫጭን የእርሳስ ቅጠሎች ወጥተዋል። ሰዎች የተሰረቁትን ንብረት ጽፈው፣ ጠቅልለው፣ ወደ ውሃው ይጥሉ ነበር። አምላኳ ሌባውን እንድትቀጣላቸው። ዶቺሜዲስ የሚባል ሰው ሁለት ጓንት ጠፍቶበታል። የሰረቀው ሰው አእምሮውንና ዓይኑን እንዲያጣ ይጠይቃል። ለሁለት ጓንት! ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ሌባሻይ ቢኖራቸው ኖሮ ይህን ሁሉ እርሳስ ባልጨረሱ" አለች። እንዳሳቀችን፣ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ በፊት እዚህ ብርድ ላይ ጓንቱን ያጣ ሰው ንዴት ሲታሰበኝ በጣም ቅርብ ሆነብኝ። ለንደን በየካቲት ወር ጓንቱ የጠፋበት ሰው ያውቀዋል።

ገንዳው ውስጥ መዋኘት አይቻልም። በ1978 እ.ኤ.አ. አንዲት ልጅ በውሃው ውስጥ ባለ ተሕዋስ ታማ ከሞተች በኋላ ተዘጋ። መታጠብ የፈለገ ሰው በ2006 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዘመናዊ ስፓ ይሄዳል። የተጣራውን ውሃ ግን መቅመስ ትችላላችሁ። ሙቅ ነው፣ ብረት ብረት ይላል። ነርሷ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በስመ አብ ብላ ጠጣችው። ሾፌሩ አንድ ጊዜ ቀምሶ "የእንጦጦው ይሻላል" ብሎ መለሰ።

ጃንሆይም መጀመሪያ ወደ ባዝ የመጡት ለዚሁ ውሃ ነው፤ ደክመው፣ ለሕክምና። ከፍልውሃ ዳር የበቀለች ከተማ ንጉሥ ናቸውና ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። አዲስ አበባም የተመሠረተችው እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደው እዚያ ቤት በማሠራታቸው ነው። ግን እዚያ ገንዳ ዳር ቆሜ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ሙሶሊኒ በግንቦት 1928 ዓ.ም. ሮም ላይ ሰገነት ወጥቶ የሮም ግዛተ መንግሥት እንደገና ተነሣ ብሎ ለሕዝቡ አወጀ። ሦስት ወር ገደማ ሳይሞላ፣ በዚያ አዋጅ አገራቸውን የተነጠቁት ሰው ሮማውያን በሠሯት ከተማ ውስጥ ሆቴል ይዘው ነበር። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሮም ተይዞ፣ ሮም ጥላው ሄዳ፣ ፍርስራሿን ትኬት የሚቆርጥበት ሕዝብ መካከል። ይህን ሳያስቡት የቀሩ አይመስለኝም። አስበውት ከሆነ መጽናኛ ሳይሆናቸው አይቀርም።

ከመታጠቢያው አጠገብ ካቴድራል መሳዩ የባዝ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአሁኑ ሕንፃ የተጀመረው በ1499 እ.ኤ.አ. ነው። ቦታው ላይ ግን ከዚያ በፊትም ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድጋር በ973 እ.ኤ.አ. ዘውድ የጫነው ባዝ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ መላእክት በድንጋይ መሰላል ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የሚወርዱት ጭንቅላታቸው ወደ ታች ነው። ነርሷ "ያዕቆብ ያየው መሰላል" ብላ ብዙ ቆየችበት። እኛ ምሳ ጨረስን። የቀረውን ፍርፍር ሲጋል የሚባለው የባሕር ወፍ ሊነጥቀን ሞከረ። ባዝ ውስጥ እነዚህ ወፎች ሰው አይፈሩም፤ የሚፈራውም ሰው ነው።

ሮያል ክሬሰንት ኮረብታው ላይ ነው። በ1767 እና በ1774 እ.ኤ.አ. መካከል የተሠሩ 30 ቤቶች የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ሠርተው ተያይዘው ቆመዋል። ከፊታቸው ሰፊ ሣር አለ። በፊልም አይታችሁት ይሆናል። ፊታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ዓምዶቹ፣ መስኮቶቹ፣ ከፍታው፣ ሁሉም። አርክቴክቱ ጆን ዉድ ትንሹ የሠራው ግን ይህን ፊት ብቻ ነው። ቦታውን የወሰደ ሁሉ ከኋላ የራሱን ቤት እንደፈቀደው ሠራ። ከጀርባ ዞራችሁ ካያችሁት አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። እኔ የጀርባውን ወደድኩት።

ታሪክ የምታጠናው ልጅ እዚህ ላይ ነው የተናገረችው። ብዙ ስለማታወራ ስታወራ ይሰማል። ይህ ሁሉ ድንጋይ ከየት በመጣ ገንዘብ እንደተሠራ ነገረችን። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባዝ የሀብታሞች መዝናኛ ነበረች። ከእነዚያ ሀብታሞች ብዙዎቹ ገንዘባቸው ከካሪቢያን የስኳር እርሻ የመጣ ነበር፤ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ከሚሠሩበት። ባሪያ ጫኝ መርከቦች ይነሡበት የነበረው የብሪስቶል ወደብ ከዚህ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እዚያ ሣር ላይ ተኝተን ስንሰማ ሾፌሩ ቀና ብሎ ቤቶቹን ሌላ ጊዜ አያቸው። "ዋጋቸው አሁን ስንት ነው?" አለ። የሾፌሩ ነገር እንዲህ ነው፤ ማዘኑን በዋጋ ይጠይቃል።

ከዚያ ወደ ኒውብሪጅ ሰፈር አውቶቡስ ያዝን። ከመሃል ከተማ ወደ ምዕራብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በኤቨን ወንዝ ዳርም በእግር ይኬዳል። ሾፌሩ እንደ ተሳፋሪ መቀመጥ አይችልም። ከፊት ተቀምጦ የባዙን ሾፌር ፍሬን አያያዝ፣ ኩርባ አገባብ፣ በር አከፋፈት እየተከታተለ አስተያየት ይሰጣል። በአማርኛ ስለሆነ ሰውየው አልሰማም። ተመስገን።

ፌርፊልድ ሃውስ ቤተ መንግሥት አይደለም። ትልቅ ቤት ነው። በራሱ ግቢ የቆመ፣ ተዳፋት አትክልት ያለው፣ ወደ ሸለቆው የሚያይ፣ የተከበረ የእንግሊዝ ቤት። ጃንሆይ በ1936 እ.ኤ.አ. ገዙት። የልጅቷ ጥያቄ ግማሹ እዚህ ተመለሰ፤ ሬንት አልነበረም። ሌላው ግማሽ ግን ከባድ ነው።

ቤቱ ነበር እንጂ ገንዘቡ አልነበረም። ይዘውት የወጡት ገንዘብ በቤተሰቡና በተከተሏቸው ሰዎች ቀለብ፣ በጠበቃ፣ በደብዳቤና በመልእክተኛ ወጪ አለቀ። የቤተ መንግሥቱ የብር ዕቃ ለንደን ላይ ተሸጠ። አንድ የእንግሊዝ ቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት መክፈል የነበረበት ከአሥር ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበር። ጃንሆይ ከሰሱ። በ1938 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ዳኛው ፈረዱላቸው። ኩባንያው ይግባኝ አለ። በኅዳር የእንግሊዝ መንግሥት ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን በሕግ አወቀ። ይግባኙ ሲታይ፣ የኢትዮጵያ ሉዓላዊ የጣሊያኑ ንጉሥ ነው ተባለና ገንዘቡ ቀረ። እንግሊዝ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ፣ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ረትተህ፣ በእንግሊዝ መንግሥት አንድ ፊርማ መረታት። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በኋላ ላይ የስደተኛን ጉዳይ የሚወስነው መሥሪያ ቤት፣ ሆም ኦፊስ፣ ለእሱ የጻፈለትን ደብዳቤ አነሣ። ምን ያህል ዓመት እንደጠበቀ። አንድ አንቀጽ ተቀይሮ እንዴት ከመጀመሪያ እንደጀመረ። ከጃንሆይ ጋር አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አገኘ ማለቴ አይደለም። ግን የሚያውቀውን ነገር አየ።

ብርዱም አለ። እቴጌ መነን የባዝ ብርድና እርጥበት አልተስማማቸውም፤ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ባልና ሚስት ተለያይተው ከረሙ። እዚያ ቤት ውስጥ ቆማችሁ ጣሪያው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ስታዩ ነርሷ ያለችው ይገባችኋል። "ይህን ቤት በከሰል ማሞቅ?" አለች። "እኔ አንድ ክፍል ማሞቅ አቅቶኛል።" ስደትን የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ መለየትና ስለ ናፍቆት ያወራል። የጋዝ ሂሳቡን የሚያወራ የለም። እኛ ግን አራታችንም፣ የጃንሆይን ቤት የጎበኘነው በገዛ ራሳችን የመብራትና የማሞቂያ ሂሳብ በኩል ነው። ይህ የሚያሳፍር አይመስለኝም። ምናልባት ከዚህ የተሻለ መንገድም የለም።

ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተምረዋል። ነርሷ ከልዕልቲቱ ፎቶ ፊት አልተንቀሳቀሰችም። ጓደኛዬ እዚያው ለንደን ውስጥ የሌሊት ሽፍት የምትሠራ ሴት ናት። ልዕልቲቱ አገር ነፃ ከወጣች በኋላ ተመልሰው፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው አረፉ። በስማቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠራ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። እኛ ግማሹ እዚያ ታክመናል፤ ማን እንደነበሩ ግን ሳንጠይቅ።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ነገር ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ለእሳቸው ዕዳ አለበት። ደራሲ፣ አሳታሚ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ድረስ ተልከው ያዩትን የጻፉልን ሰው ናቸው። ንጉሡን ተከትለው ባዝ መጡ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ አገር ቤት ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበር፤ ጣሊያኖች ገደሉት። ኅሩይ በመስከረም 1931 ዓ.ም. እዚሁ ፌርፊልድ ውስጥ አረፉ። ባዝ ተቀበሩ። አፅማቸው ወደ አገር የተመለሰው በኋላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እሳቸው ሳስብ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በመጽሐፍ ተከበው ነበር የማያቸው። የባዝን ዝናብ በመስኮት እያዩ ልጃቸውን የሚያዝኑ አዛውንት አድርጌ አስቤያቸው አላውቅም። ጃንሆይ የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል የጻፉትም እዚሁ ከተማ ነው። ሰው ሥራ ሲያጣ ይጽፋል።

አራት ዓመት ገደማ እንዲህ አለፈ። ከዚያ በሰኔ 1940 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ከጀርመን ጋር ሆና ወደ ጦርነቱ ገባች። ትናንት ጥያቄያቸውን የሚሰማ ያጡ ሰው በአንድ ሌሊት ተፈላጊ ሆኑ። በድብቅ ስም በአውሮፕላን ወደ ሱዳን ተወሰዱ። በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገቡ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። መሃሉን ነው ያልተማርነው።

በ1958 እ.ኤ.አ. ጃንሆይ ቤቱን ለባዝ ከተማ ሰጡ፤ አረጋውያን እንዲገለገሉበት። ዛሬም አረጋውያን ይገለገሉበታል። ብዙዎቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝን ሊሠሩ መጥተው፣ በአውቶቡስና በሆስፒታል ዕድሜያቸውን የጨረሱ። ራስታዎችም ከየአገሩ ይመጣሉ፤ ለእነሱ ጉዞው ሃይማኖታዊ ነው። ቤቱን ያስጎበኙን በጎ ፈቃደኛ ቤቱ እንዳይሸጥ ስንት ጊዜ እንደታገሉ ነገሩን።

አንዲት ጃማይካዊት እናት ሻይ ላይ አገኘናቸው። ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲሰሙ ወንበር ሳቡልን። በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጃንሆይ ኪንግስተን ሲመጡ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ሕዝቡ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆ እንደነበር፣ አባታቸው በትከሻቸው ይዘዋቸው እንደሄዱ አጫወቱን። ራስታ አይደሉም። "እኔ ባፕቲስት ነኝ" አሉ። "ግን ሰውየው ቤት ሰጥተውኛል።" ሾፌሩ ሊያከራክራቸው ትንሽ ሞከረ። ሸሽተው ነው የመጡት ምናምን ማለት ጀመረ። እናትየው ሰሙትና "ልጄ፣ እዚህ ያለነው ሁላችን ከአንድ ቦታ የመጣን ነን" ብለው ዶሚኖ እንጫወት አሉ። ተጫወተ። ተሸነፈ።

ወደ ጣቢያ ስንመለስ ክርክሩ ቀጠለ እንጂ አላለቀም። ሾፌሩ አቋሙን አልቀየረም። አሁን ግን ሌላ ነገር ጨመረበት። "በብርድ ተቸግረው ያወቁ ሰው በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ እንዴት ዝም አሉ?" አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። ነርሷም መልስ አልሰጠችም። የባዙ ስደተኛ የወሎን ረሃብ የሸፈነውን መንግሥት አያነጻም። የወሎ ረሃብም የባዙን ስደተኛ ከቤቱ አያወጣውም። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው። በኋላ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. የሆነውን፣ የጃንሆይን አሟሟት፣ ደግሞ ልጅቷ በዝርዝር አታውቅም ነበር። ባቡር ውስጥ ነገርናት። እንግሊዝኛ መቀላቀል አቁማ ሰማችን።

መሄድ ለምታስቡ፤ ፌርፊልድ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። የጎብኚ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የአረጋውያኑ ቀን ከሆነ አታጨናንቋቸው። በበጎ ፈቃደኞች ስለሚቆም የመዋጮ ሣጥኑን አትለፉት። ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ በባቡር ትኬት ላይ ቅናሽ አለ። ሮማውያን መታጠቢያውን በማለዳ ጨርሱት፤ ከረፋዱ በኋላ ሰልፉ ይረዝማል። ምሳ ከያዛችሁ ከወፎቹ ተጠንቀቁ። የአውቶቡስ ሾፌር ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ከኋላ ወንበር አስቀምጡት።